የወይራ ጉልበት

ቡሬ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለአቻምየለሽ፣ ፈረስ ቤት።

ክረምቱ ካለፈ ወዲህ እንዴት ሰነበትሽ? አማትሽ እማማ እታለምስ ዓይናቸው ተሻላቸው? እኔ ደኅና ነኝ። ይህን የምልሽ ደብዳቤ በዚያ ስለሚጀመር አይደለም፤ በእውነት ደኅና ነኝ። እበላለሁ፣ ጣራ ሥር አድራለሁ።

"ከቅኔ ቤት ወጥተህ ጣልያን ቤት ገባህ የሚሉት እውነት ነው ወይ?" ብለሽኛል። እውነት ነው። የመምህራችን ቤት ከደብሩ ጋር ሲቃጠል ተማሪው ተበተነ። እኔ ቡሬ ስደርስ ወታደሮቹ ፊደል የሚያውቅ ወጣት ይፈልጉ ኖሮ ይዘው ትምህርት ቤታቸው አስገቡኝ። አስተማሪያችን ላንዲ የሚባል ወታደር ነው። በአገሩ ሲኒማ ይሠራ ነበር አሉ። ሲቆጣ አላየሁትም፤ ከመኮንኖቹ ጋርም ሲስቅ አላየሁትም።

አስማት ነው ስላልሽው ነገር ደግሞ ልንገርሽ፤ አስማት አይደለም፣ ልፋት ነው። አራት ተማሪዎች ነን። ከክንድ ያጠረ አሻንጉሊት እንሠራለን። አጥንቱን ከወይራ የሚጠርበው ቸኮለ ነው፤ ከቡሬ ወዲያ ካለ የአገው መንደር የመጣ፣ ከአፉ ይልቅ እጁ የሚናገር ልጅ። እጅና እግሩን በስልክ ሽቦ ያያይዘዋል፤ ስለዚህ እንዳጠፍነው ይቆማል። ሥጋውን በሰም እናለብሰዋለን። ሲሳይነሽ የምትባል የሸማኔ ልጅ ልብሱን ትሰፋለች። ገብረሰንበት በመስተዋት ፀሐይ ያበራልናል። የኔ ሥራ ማንቀሳቀስ ነው። እግሩን የጤፍ ፍሬ ታህል አነሣለሁ፣ ላንዲ ፎቶግራፍ ያነሣል። ደግሞ የጤፍ ፍሬ ታህል፣ ደግሞ ያነሣል። ጠዋቱን ሙሉ ደክመን፣ ላንዲ ፎቶግራፎቹን አከታትሎ ሸማ ላይ በብርሃን ሲያሳየን ሰውየው አንድ ትልም አይጨርስም። ግን ይሄዳል። መጀመሪያ የሄደ ዕለት ሲሳይነሽ አማተበች። ቸኮለ ግን ተጠግቶ አየና "ጉልበቱ ደነደነ፤ እንደገና እሠራዋለሁ" አለ።

የምናስነሣው አራሽ ነው። አካሄድ ያስፈልገው ነበር፤ እኔ ደግሞ በልጅነቴ ከኋላው እየተከተልሁ ያደግሁት አራሽ አንድ ብቻ ነው። የባልሽን የቢሆነኝን አካሄድ ሰጠሁት። በሬ የረገጠው ግራ እግሩን ወደ ውጭ ሲጥል፣ ትልሙ ጫፍ ሲደርስ ቀና ብሎ ሰማይ ሲያይ። ብታይው ትስቂ ነበር።

እሱስ ከወጣበት ተመለሰ ወይ? በሁለት ደብዳቤ ጠየቅሁሽ፤ ስለ እሱ አንዲት ቃል አልጻፍሽም።

ወንድምሽ ክንዱ


ፈረስ ቤት፣ ኅዳር ፳ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለክንዱ።

መጥገብህን ሰምቼ አምላኬን አመሰገንሁ። የምትጠግበው ከማን ገበታ እንደሆነ ግን ሳስብ ምስጋናዬን በግማሽ እተወዋለሁ። ደብዳቤህን ያመጣልኝ አሞሌ ነጋዴው ይሄይስ ነው፤ ይህንንም በጨው ጭነቱ መሃል ይዞልህ ይመጣል። የታመነ ሰው ነውና በሌላ አትላክ።

እማማ እታለም ጥላና ብርሃን ይለያሉ፤ ከዚያ አላለፉም። "ክንዱ ምን ጻፈ?" አሉኝና አሻንጉሊት ይሠራል አልኋቸው። ሳቁ። "ያን ያህል ዘመን ቅኔ ቆጥሮ ወደ ሕፃንነቱ ተመለሰ?" አሉ።

ስለ ቢሆነኝ ጠይቀኸኛል። ቆላ ነው። ቆላው ሰፊ ነው፤ ከዚህ የበለጠ አትጠይቀኝ። እናቱም ይጠይቁኛል፣ ለሳቸውም የምለው ይህንኑ ነው።

አባታችን የደብር ሥዕል ሲሥሉ ቀለሙን ይበጠብጡላቸው ከነበሩት አንዷ እኔ ነኝና ሰው በእጁ ሥራ ሲደሰት አውቃለሁ። አልፈርድብህም። ግን ጣልያን ስንዴውን ለወፍ አይበትንም። አራሽ ሲሄድ ማየት ከፈለገ በየእርሻው ሞልቶለታል። ይህን ያህል የሚደክመው ለምንድን ነው? ጠይቅ።

አንድ ነገር እለምንሃለሁ። የቢሆነኝን አካሄድ ውሰድበት። ሌላ አካሄድ ስጠው፣ የፈለግኸውን። ለምን አትበለኝ።

እኅትህ አቻምየለሽ


ቡሬ፣ ጥር ፳፭ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለእኅቴ ለአቻምየለሽ።

መልስ ያዘገየሁት ታምሜ አይደለም። ይሄይስ ታሟል ያለሽ እኔ እንዲያ በልልኝ ብዬው ነው። የምጽፈው ጠፍቶኝ ነው የሰነበትሁት።

አካሄዱን ውሰድበት ያልሽኝ ሲደርሰኝ እርሻው ተጠናቅቆ ነበር። የቡሬው ካፒቴን አየና እጅግ ደስ አለው። ወዲያው "መጨረሻ ይጎድለዋል" አለ። አራሹ በጫካ የደበቀውን ጠመንጃ አውጥቶ ለመኮንኑ ያስረክባል፤ ከዚያም ይሰግዳል። ለምን እንደሚደክሙ ጠይቅ ብለሽኝ ነበር፤ መልሱ ይኸው።

ላንዲ ዓይናችንን ሳያይ ነገረን። ቸኮለ የያዘውን መጥረቢያ አስቀመጠ።

"ይህን ጉልበት የሠራሁት እርፍ ይዞ እንዲሄድበት ነው" አለ። "ለስግደት አልሠራሁትም።"

"እንጨት እኮ ነው" አለች ሲሳይነሽ። አባቷ ምሽጉ ውስጥ ታስረዋል፤ ካፒቴኑም ያውቃል፣ እሷም ማወቁን ታውቃለች። "እንጨት ቢሰግድ ማን ይሞታል?"

ቸኮለ አየት አደረጋትና መጥረቢያውን መልሶ አነሣ። ስለ አባቷ ብሎ ነው።

ሥራው የኔ ነበር። ሰውን በአንድ ጊዜ ማሰገድ አይቻልም፤ ጀርባውን በጣቴ ጫን፣ ፎቶ፣ ደግሞ ጫን፣ ፎቶ። አንገቱን ዝቅ፣ ደግሞ ዝቅ። አንዳንዴ ሽቦው እንቢ ብሎ ይነሣል፤ መልሼ እጫነዋለሁ። ፀሐይዋ ስትዘቀዝቅ ግንባሩ መሬት ነካ። ገብረሰንበት መስተዋቱን ይዞ ፊቱን አዙሮ ነበር የቆመው።

ፊቱ ጎልቶ አይታይም፤ ማንም ማንን አይለይም። ሥዕሉም ለቡሬ ብቻ ነው ብሎኛል ላንዲ። አታስቢ። ጋቢ ላክሁልሽ፤ ለቢሆነኝ ነው፣ ቆላም ቢሆን ሌሊቱ ይበርዳል።

ክንዱ


ፈረስ ቤት፣ መጋቢት ፰ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለክንዱ።

ሰላምታ አላበዛም፤ ይቅር በለኝ። ይህን ይሄይስ በቆዳ ሰፍቶ በብብቱ ይዞልሃል። አንብበህ አቃጥለው።

"ሥዕሉ እውነት ፈረስ ቤት ድረስ መጣ?" ብለሃል። በበቅሎ ተጭኖ መጣ። በገበያ ቀን አስካሪዎች፣ የጣልያን ጥቁር ወታደሮች፣ ሰዉን እየነዱ የእህል መጋዘን ውስጥ አስገቡን። መስኮቱን በጆንያ ደፍነውታል፣ ግድግዳው ላይ አቡጀዴ ተወጥሯል። እማማ እታለም "ምንድን ነው?" ሲሉኝ "ሥዕል ነው አሉ" ብዬ እጃቸውን ይዤ ከፊት ተቀመጥን። መብራቱ በራ። ከዚያ እሱ መጣ።

ፊቱ እንደ ጭጋግ ነው፣ እንዳልኸው አይለይም። ግን እግሩን ወደ ውጭ ጣለው። በሬዎቹን ተከትሎ ሄደ፤ ጫፍ ሲደርስ ቀና ብሎ ሰማይ አየ። ክንዱ፣ ብዕር ያነሣሁት ልወቅስህ ነበር፤ ነገር ግን እውነቱን ሳልነግርህ አላልፍም። ደስ አለኝ። ከማን ጋር እንደተቀመጥሁ፣ ማን እንዳስቀመጠኝ ረሳሁ። ትልሙ ባያልቅ አልሁ።

ከኋላዬ አንዱ "ቢሆነኝ አይደለም እንዴ?" አለ። ሌላው "አካሄዱማ የሱው ነው" አለ። ስሙ መጋዘኑን ዞረው። እማማ እታለም ያን የሚወዛወዝ ጥላ ሲያዩ እጄን ጨበጡኝ፤ "ልጄ ነው" አሉ።

ከዚያ ጠመንጃውን አስቀመጠ፤ ሰገደም።

አስተርጓሚው ሰዉ የሚንሾካሾከውን ሰምቶ ወደ ፊት ወጣ። "አዎን፣ ቢሆነኝ ነው። ለመንግሥት ገብቷል። ምሕረት አግኝቶ ቡሬ ላይ ያርሳል። እናንተስ ምን ትጠብቃላችሁ?" አለ። እንደዚያ እንዲል የነገረው ያለ አይመስለኝም፤ አፉ ላይ የወደቀለትን ነው የጎረሰው። ጎረቤታችን ሽማግሌው አባ ወልደ ሥላሴ ተነሡ። እግሬ ሥር እንትፍ ብለው ወጡ።

አሁን የሸሸግሁህን ስማ። ቢሆነኝ ሞቷል። መስከረም ላይ ብር ወንዝን ሲሻገሩ ተመታ፣ ወንዙ ሞልቶ ነበርና ይዞት ሄደ። ሬሳውን አላገኙትም። የአርበኞቹ የጎበዝ አለቃ ሰው ልኮ "ሞቱ ከተሰማ የዳሞት ሰው ይበተናል፤ ዋጥ አድርገሽ ያዢው" አለኝ። ያዝሁት። ከል አልለበስሁም፣ ፊቴን አልነጨሁም። ለእናቱም ቆላ ነው እያልሁ እራት አቀረብሁ። ላንተም እንዲሁ ነው የጻፍሁት።

ሞቱን የምናውቅ ጥቂት ነን። ያላወቁት ጓደኞቹ "ቢሆነኝ ከገባ እኛን ማን ያስቀረናል?" እያሉ ለመግባት ይመካከራሉ አሉ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሴቶቹ ሰላም አይሉኝም። ይህን ሁሉ እችለው ነበር። የከበደኝ እማማ እታለም ናቸው፤ ደስ ብሏቸዋል። "ይግባ፣ በሕይወት ይኑርልኝ እንጂ" ይላሉ። ቡሬ ውሰጂኝ እያሉ ይለምኑኛል። ዛሬ ጠዋት ለመንገድ ስንቅ ሲያሰናዱ አገኘኋቸው።

አንተ ፊደል ቆጥረሃል፤ ምን እንደምላቸው ንገረኝ።

አቻምየለሽ


ቡሬ፣ መጋቢት ፳፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

እኅቴ፣

በምን አፌ እንደማጽናናሽ አላውቅም። ያሳደገኝን ሰው ሞቶ ሳለ አስነሥቼ፣ አስነሥቼም አሰገድሁት። ብትነግሪኝ ኖሮ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ሰረዝሁት። ውሰድበት ብለሽኝ ነበር፤ ለካ መንገርሽ ነበር።

ለልጆቹ ነገርኋቸው። ሲሳይነሽ አለቀሰች። ቸኮለ ግን "ሬሳው አልተገኘም?" ሲል ጠየቀ። አልተገኘም አልሁት።

"እንግዲያ ይህ ለባለቤቶቹ ይመለስ" አለ። "እኛ ዘንድ ምን ይሠራል?"

ካፒቴኑ ሌላ ሥዕል አዝዟል። አራሹ የጣልያን ጠመንጃ ይዞ የገዛ ጓደኞቹን ያሳድዳል። ለዚያ ጣቴን አላነሣም፤ ግን እኔ እንቢ ብል ሌላ ያንቀሳቅሰዋል። አሻንጉሊቱ ከሌለ ግን ሥዕሉም የለም። እንደዚያ ያለ ለመሥራት የሚችለው ቸኮለ ብቻ ነው፤ እሱም "ሁለተኛ አልጠርብም" ብሏል።

ነገ ከላንዲ ጋር ወደ ሽንዲ ይዘውኝ ይሄዳሉ፤ የስግደቱን ሥዕል እዚያ ሊያሳዩ ነው። እኔ በሌለሁበት ቸኮለ ለይሄይስ ይሰጠዋል። ሲደርስሽ አቃጥይው፣ ወይም ቅበሪው። የሚሆነውን አንቺ ታውቂያለሽ። ለእማማ እታለም ምን እንደምትያቸው ግን እኔ አላውቅም። ፊደል አልረዳኝም።

ክንዱ


ከፈረስ ቤት በታች፣ ግንቦት ፫ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለክንዱ።

በሕይወት አለን። አስቀድሜ ይህን ልበልህ፣ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶህ ይሆናልና። ቤታችን የለም። ያለነው የእማማ እታለም የእኅት ልጅ አደይ ዘንድ ነው፤ ገደል ሥር ስለሆነ ማንም አይደርስብንም።

"እንዴት ነገርሻቸው?" ብለሃል። መናገር አልቻልሁም። አሻንጉሊቱን ከቆዳው ፈትቼ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥሁት። በጣታቸው ዳሰሱት። ጭንቅላቱን፣ የሲሳይነሽን ስፌት፣ እግሩን። ጉልበቱ ላይ ሲደርሱ አጠፉት፤ እንደታጠፈ ቆመ። መልሰው ዘረጉት።

"የሰገደው ይሄ ነው?" አሉኝ።

"ይሄ ነው።"

"ልጄስ?"

"ብር ወንዝ ላይ ቀርቷል እማማ። መስከረም ላይ።"

 ከዚያ "ገናን ከኔ ጋር ስትፈስኪ ታውቂ ነበር?" አሉ። አውቅ ነበር አልሁ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። በማግስቱ ግን "ልጄ ሬሳ የለውም፤ በሬሳው ፋንታ ምስሉ ይውጣለት" አሉ። እኔም ለጎበዝ አለቃው "ከእንግዲህ አልይዝም" ብዬ ላክሁበት።

ለቅሶውን በገበያ ቀን፣ በጠራ ፀሐይ፣ ሜዳ ላይ አወጣነው። አልጋ ዘርግተን ሸማውንና ጎራዴውን አደረግን፤ ላዩ ላይ ያን አስቀመጥነው። መጀመሪያ ማንም አልመጣም። ሁለታችን ብቻ ቆመን ሰዉ ከሩቅ ያየናል። ከዚያ እማማ እታለም አንሥተው ያዙትና አደይ እየመራቻቸው አባ ወልደ ሥላሴ ወደ ቆሙበት ሄዱ።

"የሰገደው ይሄ ነው" አሏቸው። "እስቲ አንቱም አሰግዱት።"

ሽማግሌው ተቀበሉ። በአውራ ጣታቸው ጀርባውን ጫን አደረጉት፤ ሰገደ። ለቀቅ አድርገው መለሱት፤ ቆመ።  የራሳቸውን ጥምጥም ፈቱ፣ ወደኔ መጡና በእግሬ ሥር ሊወድቁ ሲሉ ያዝኋቸው። ከዚያ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እያንዳንዱ ጉልበቱን ያጥፋል፣ ይዘረጋል፣ ለሚቀጥለው ይሰጣል። ያ ሁሉ ሰው ቀስ እያለ ወደ አልጋው ተጠጋ። እማማ እታለም እንዲህ ሲሉ ሙሾውን አወረዱት፦

ሰገደ ቢሉኝ ልጄ፣ ሄጄ አየሁት በእጄ፤
ጉልበቱ ሽቦ ነው፣ አይደለም የልጄ።

የሜዳው ሰው አንድ ላይ አለቀሰ። ስምንት ወር የያዝሁት ወጣልኝ።

አስካሪዎቹ ሲደርሱ ሰዉ በመሃላቸው እየገባ አሳለፈን። ቤቱን አቃጠሉት፤ ከብቱን ነዱት። ቢሆነኝን የሚያውቁ ሰዎች አሻንጉሊቱን ወስደውታል። በየሰፈሩ ለጓደኞቹ እያሳዩ ጉልበቱን ያጥፋሉ አሉ። ሊገቡ የተነሡት ቀርተዋል።

ማን ሠራው ቢሉኝ ስም አልጠራሁም። አንተ ግን ይህን መልስልኝ፤ መጥፋቱ ሲታወቅ ማን ተጠየቀ?

አቻምየለሽ


ወጀት አጠገብ፣ ሰኔ ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለእኅቴ፣

ስለ ቤታችሁ አዝናለሁ፤ ለቅሶው ላይ ባለመቆሜም። ከቡሬ ወጥቻለሁ። አሁን አንድ ገበሬ ዘንድ እያረስሁ እኖራለሁ፤ ተማሪ እንደነበርሁ አያውቅም።

ጥያቄሽን ለመመለስ ብዙ ቀን ፈጀሁ። የተጠየቀው ቸኮለ ነው።

ከሽንዲ ስንመለስ ምሽጉ ውስጥ ታስሮ ነበር። ካፒቴኑ የቀሩትን ሦስት ልጆች አስጠርቶ ሊያስገርፍ ሲል፣ ቸኮለ "እኔ እሳት ውስጥ ጣልሁት፤ ሌላ ማንም አያውቅም" አለ አሉኝ። "ለምን?" ሲሉት "ሥራው የኔ ነው፤ በሥራዬ አፈርሁ" አለ። በዚያው ቃሉ ጸና።

ሮጬ ወደ ካፒቴኑ ደጃፍ ሄጄ ነበር። ላንዲ ከመንገድ ላይ በአንገቴ ይዞ ወደ ጓሮ ጎተተኝ። በተሰበረ አማርኛው "አንተ ብትናገር፣ ቸኮለ አይወጣም። እስረኛ ሁለት ይሆናል" አለኝ። ቆሜ አሰብሁ። ልክ ነበር፤ ግን ልክ መሆኑን የተቀበልሁት ፈርቼም ስለነበረ ነው። በሳምንቱ ላንዲን ወደ ሌላ አገር አዛወሩት። ቸኮለን በጭነት ካሚዮን አሳፍረው ወደ ደብረ ማርቆስ ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲያ የሰማሁት የለም። የሲሳይነሽ አባት አልተነኩም።

ከቡሬ ስወጣ በእናቱ በኩል አለፍሁ። ዓባይነሽ ይባላሉ፤ ባገውኛ ነው የሚናገሩት፣ አማርኛቸው ጥቂት ነው። ልነግራቸው ነበር የሄድሁት። በሩ ላይ ቆመው ፈገግ ብለው "ልጄስ?" አሉኝ። አፌ "አስመራ ለሥራ ሄዷል" አለ። ደስ አላቸው። ቋንጣ ቋጠሩልኝ።

አትፍረጂብኝ አልልሽም።

ክንዱ


ፈረስ ቤት፣ ሚያዝያ ፲፱ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለክንዱ።

ጣልያን ከወጣ ወዲህ ያገኘሁት የመጀመሪያ ደብዳቤ ያንተ ነው። በቤታችን ቦታ ላይ አዲስ ጎጆ ቀልሰናል፤ የፈረስ ቤት ሰው ነው እንጨቱን ተሸክሞ ያመጣልን። እማማ እታለም አሁን ብርሃኑንም አይለዩም፤ ድምፃቸው ግን አልደከመም።

ከደብረ ማርቆስ እስር ቤት የተፈታው ሰው የነገረህን አነበብሁ። ቸኮለ በገባ በመጀመሪያው ክረምት በንዳድ ሞተ፤ እስከ መጨረሻው ስምህን አልጠራም። ደጋግሜ አነበብሁት። አላውቀውም፣ መልኩን አላየሁም፤ የባሌን ስም ግን የመለሰልኝ እሱ ነው።

"እናቱን ዘመድ ነግሯቸው ይሆናል፣ ወደ እናንተ ልምጣ ወይ?" ብለሃል። አትምጣ። ገና ነህ።

ለእማማ እታለም ሰባት ወር ዋሸሁ። እንደ ምሕረት አድርጌ ነበር የማየው። አምና አንድ ቀን ሽንብራ እየቆረጠምን ሳለን እንዲህ አሉኝ፦ "የልጄን ሞት ባለመንገርሽ አላዘንሁም፤ ታዝዘሽ ነው። ግን እነዚያን ወሮች ከልጄ ጋር ነበር የማወራው። እየበላ ነው ወይ፣ በረደው ወይ እያልሁ። ነፍሱ ጸሎት ስትፈልግ እኔ ለሥጋው ስጨነቅ ነበር።" 

የቸኮለ እናት ሁለት ዓመት ሙሉ ከአስመራ መንገድ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉ ይሆናል። አትጻፍላቸው፤ ሰው አትላክ። በእግርህ ሂድ። ግባ ሳይሉህ፣ ውኃ ሳይሰጡህ፣ በሩ ላይ ቆመህ ተናገር። ከተቀመጥህ አትናገርም፤ እኔ አውቀዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ና።

አቻምየለሽ


ቡሬ፣ ግንቦት ፲፩ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ለእኅቴ ለአቻምየለሽ።

ሄጄ ነበር። ወጀት አሁን ፍኖተ ሰላም ተብላለች፤ በዚያ አዲስ ስም ደስ ያለው ሰው በመንገዱ ሁሉ ይዘፍናል፣ እኔ በመሃሉ ስሄድ ማንም አላስተዋለኝም።

እማማ ዓባይነሽ ደጃፋቸው ላይ ገብስ ያበጥሩ ነበር። አወቁኝ። ሰፌዱን አስቀምጠው ሊነሡ ሲሉ "አይነሡ" አልኋቸው። "ቸኮለ ሞቷል። አስመራ አልሄደም፤ ዋሽቼዎት ነበር። የሞተው እኔ ባስደረግሁት ነገር ነው።"

አማርኛዬን ያልሰሙ መሰለኝ። ሰፌዱን አነሡና እንደገና ማበጠር ጀመሩ። ጥቂት ቆይተው እጃቸው ቆመ። በአገውኛ አንድ ነገር አሉ፤ አልገባኝም። ከውስጥ ሴት ልጃቸው ወጣችና አጠገባቸው ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ የተናገሩትን እሷ ነበረች የምትተረጉምልኝ።

ሁሉንም ነገርኋቸው። አሻንጉሊቱን፣ ስግደቱን፣ ይሄይስን፣ ካፒቴኑ ፊት ያለውን። ሳያቋርጡኝ ሰሙ።

"ያ ሰውየ የማን ነበር?" አሉ።

"የእኅቴ ባል።"

"ልጄ ያውቀው ነበር?"

"አያውቀውም።"

"እኅትህንስ?"

"አያውቃትም።"

ፊታቸውን ወደ ማሳው አዞሩ። ልጅቱ ታለቅሳለች፣ እሳቸው አላለቀሱም። ይቅር ይበሉኝ ልል አፌን ስከፍት በእጃቸው ዝም በል አሉኝ። ያን አልጠየቁኝም፤ አልሰጡኝምም። በመጨረሻ በራሳቸው አማርኛ፣ ቃሉን እየለቀሙ፣ እንዲህ አሉኝ፦

"ልጄ የባሏን ስም መለሰላት። እኔ ሬሳ የለኝም፣ ምስል የሚጠርብልኝም ልጅ የለኝም። እሷ ትምጣ። በዚህ ደጅ ቆማ ስሙን ትጥራልኝ።"

ለቅሶው ከበዓለ ሃምሳ ማግስት ባለው ሰኞ ነው። ሲሳይነሽና ገብረሰንበት መጥተዋል፤ ለድንኳኑ እንጨት እየቆረጥን ነው። የደብሩ ቄስ ሙሾ አውራጅ ከቡሬ እናምጣ ቢሉ እማማ ዓባይነሽ እንቢ አሉ፤ ከፈረስ ቤት የምትመጣ ሴት አለች ብለዋል።

መንገዱ ሩቅ ነው፤ ይሄይስ በቅሎ ይዞ ይመጣልሻል። እማማ እታለምን ማምጣት ከቻልሽ አምጫቸው። የቸኮለ የክርስትና ስሙ ገብረ ማርያም ነው። ቁመቱ ረዥም ነበር፣ ግራ እጁ ላይ የመጥረቢያ ጠባሳ ነበረው፣ ሲሠራ ከንፈሩን ይነክስ ነበር። ስትደርሺ የቀረውን እነግርሻለሁ፤ የማታውቂውን ሰው ማልቀስ አትችይምና።

ወንድምሽ ክንዱ